ከኢትዮጵያ መንገድ እስከ ሳፍራ አደባባይ

የኢየሩሳሌሙ የኢትዮጵያ መንገድ ከነቢያት ጎዳና ታጥፎ የሚገባ ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኙን ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ስለያዘው መንገደኛ ቤቶቹን የሚያየው በበሮቹ በኩል ብቻ ነው። በአንደኛው በር ሲገቡ ጥቁር ጉልላት የደፋች ክብ ቤተ ክርስቲያን ድንገት ፊት ለፊት ትቆማለች፤ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምራ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምእመኑ ጫማውን ከደጅ አውልቆ ይገባል፤ ቱሪስቱም እንደዚያው። ስለዚህ ከበሩ ሥር የአረጋውያን ነጠላ ጫማ ከአገር ጎብኚ ስኒከር ጋር ተደባልቆ ይውላል ማለት ይቻላል።

በሠፈሩ የእኛ ሰዎች አሻራ ብዙ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ እየተከራየ ለመነኮሳቱ ቀለብ የሚሆን ቤት አሠርተውበታል፤ እቴጌ ጣይቱ አንዷ ናቸው። በነቢያት ጎዳና ላይ በ1920ዎቹ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው ሕንፃ በግንባሩ የይሁዳ አንበሳ በሞዛይክ ተሠርቶበታል። ዕብራይስጥን ከጸሎት መጽሐፍ አውጥቶ የገበያና የጓዳ መነጋገሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የፈጀው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም የኖረው በዚሁ መንገድ ቁጥር 11 ነው። ይህን የሚገልጸው ሰሌዳ ተደጋግሞ ተነቅሏል፤ የተቀደሰው ቋንቋ ወደ ገበያ መውረዱ እስከ ዛሬ ያልተዋጠላቸው ሰዎች ከዚያ ብዙም አይርቁም።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ መስኮት ላስፋ፣ ጣሪያ ላድስ፣ ምድር ቤቱን ለካፌ ላከራይ የሚል የቤት ባለቤት፣ መነኩሴም ይሁን ነጋዴ፣ ጉዳዩ በግቢው ውስጥ አያልቅለትም። ሩብ ሰዓት ያህል በእግሩ ተጉዞ ሳፍራ አደባባይ መድረስ አለበት፤ በ1993 የተመረቀው የማዘጋጃ ቤት ግቢ እዚያ ነው። ሲደርስም የሚጠብቀው ከንቲባው አይደለም። ኮሚቴ ነው።

ከተማ የሚያስተዳድረው ከንቲባ ነው ብለን ነው ያደግነው። የኢየሩሳሌምን ማዘጋጃ ቤት ሥራ ቀረብ ብሎ ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሥራ ቅጥር፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የግብር ቅናሽ፣ የቅርስ ጥበቃ፣ ሁሉም በየራሱ ትንሽ ክፍል፣ በየራሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ይወሰናል። ምክር ቤቱ በአዳራሽ የሚከራከረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያለቀውን ነው። ጥያቄው ታዲያ እነዚያን ጠረጴዛዎች ማን ይቆጣጠራል የሚለው ነው።

ሠላሳ አንድ ወንበር

የኢየሩሳሌም ከተማ ምክር ቤት 31 አባላት አሉት፤ የሚመረጡት ለአምስት ዓመት ነው። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ከንቲባው በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል። መራጩ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለከንቲባ፣ አንዱ ለፓርቲ። ይህ አሠራር የሚወልደው ጣጣ በ2018 በግልጽ ታየ። ሞሼ ሊዮን በሁለተኛ ዙር ኦፌር በርኮቪችን አሸንፈው ከንቲባ ሲሆኑ፣ የራሳቸው የምርጫ ዝርዝር ግን በምክር ቤቱ አንድም ወንበር አላገኘም። ከንቲባው ያለ ወታደር የተሾመ የጦር አዛዥ ሆኑ ማለት ነው። በጀት ለማጸደቅ ጥምረት ያስፈልጋል፤ ጥምረት ደግሞ በባዶ እጅ አይገነባም። ለአንዱ ምክትል ከንቲባነት፣ ለሌላው የትምህርት ወይም የጽዳት ኃላፊነት፣ ለሦስተኛው የማዘጋጃ ቤት ኩባንያ የቦርድ ወንበር ይሰጣል። ሊዮን በጥቅምት 2023 መካሄድ የነበረበት ምርጫ በጦርነቱ ምክንያት ተራዝሞ በየካቲት 27 ቀን 2024 ሲደረግ በድጋሚ ተመርጠዋል።

እዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል። የጽዳት መምሪያውን እንዲቆጣጠር የተመረጠው አባል የጽዳት ኃላፊነቱን ራሱ ከያዘ፣ ማን ማንን ይጠይቃል? ስለ አዲስ አበባ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመው ይሆናል። በ2021ዱ ምርጫ ብልፅግና ፓርቲ የአዲስ አበባን ምክር ቤት 138 ወንበሮች ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ሲወስድ፣ ከንቲባ አዳነች አቤቤ ካቢኔያቸውን ሲያዋቅሩ ከተቃዋሚው ከኢዜማ ግርማ ሰይፉን የኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኃላፊ አድርገው ሾመዋል። ያኔ ብዙ ሰው የወደደው እርምጃ ነበር፤ እኔም አልጠላሁትም። ግን ተቃዋሚ የኮሚሽን ኃላፊ ሲሆን መንግሥትን ተባብሮ ያሠራል እንጂ ከውጭ ሆኖ አይመረምረውም። አዲስ አበባ በአንድ ፓርቲ ብዛት የደረሰችበት ቦታ፣ ኢየሩሳሌም በብዙ ፓርቲዎች ሹመት ልትደርስበት ትችላለች።

ሌላም አለ። ከከተማዋ ነዋሪ አርባ በመቶ የሚጠጋው ፍልስጤማዊ ነው። የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ ያለው በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ አብዛኛው ግን ከ1967 ወዲህ ምርጫውን አይሳተፍበትም። ስለዚህ በየኮሚቴው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ገና ከመነሻው የከተማዋን ከፊል ገጽታ ብቻ የያዙ ናቸው።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ፈልጎ የመጣ ሰው ተቀምጦ ማዳመጥ ይችላል። አዳራሹን ሞልቶ የሚያስጮኸው ግን ብዙ ጊዜ ሰንበትና የትምህርት ቤት ሕንፃ ነው እንጂ የቅጥር ደንብ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚገዛው ሕግ የእንግሊዞች ቅሪት ነው። በ1934 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ድንጋጌ እየተሻሻለ ዛሬም ይሠራበታል። እንግሊዞቹ ራሳቸው ግን በገዛ ሕጋቸው መጽናት አልቻሉም። በ1944 ከንቲባው ሲሞቱ ዓረቦቹና አይሁዶቹ በተተኪው መስማማት አቃታቸው፤ በ1945 ክረምት ምክር ቤቱ ተበትኖ ከተማዋ በእንግሊዝ ሹማምንት ኮሚሽን ተያዘች። ኮሚሽን ምክር ቤትን ሲተካ እንጂ ምክር ቤት ኮሚሽንን ሲቆጣጠር አልታየም በዚያ ዘመን።

ሆሊላንድ

ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ በአንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ፣ ተደርድረው የቆሙ ፎቆች አሉ። ከሩቅ ስለሚታዩ ማንም ሳይጠይቅ አያልፍም፤ እንዴት ተፈቀደ? ቦታው ቀድሞ ሆሊላንድ የሚባል ሆቴል ነበረበት። የጥንቷን ኢየሩሳሌም በትንሹ የሚያሳየው ታዋቂው የድንጋይ ሞዴል እዚያ ይጎበኝ ነበር፤ በ2006 ወደ እስራኤል ሙዚየም ተዛወረ። ለሆቴል ተብሎ የተጀመረው ፕሮጀክት በእያንዳንዱ የኮሚቴ ማጽደቂያ እያደገ ሄዶ የቅንጦት መኖሪያ ሆነ።

በእስራኤል ሕግ በአንድ ከተማ ውስጥ የፕላንና የግንባታ ኮሚሽኑ ምክር ቤቱ ራሱ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው ግን የእያንዳንዱን በረንዳ ጉዳይ ቁጭ ብሎ ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ሥልጣኑን ለንዑስ ኮሚቴ ይሰጣል። ንዑስ ኮሚቴው ደግሞ የሚያነበው የከተማው መሐንዲስ ያዘጋጀለትን ሰነድ ነው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ሁለት ቁልፍ ሰዎች አሉ፤ የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢና መሐንዲሱ። የሆሊላንድ ጉዳይ በ2010 ሲፈነዳ በጉቦ የተጠረጠሩት ሁለቱም ነበሩ። ዑሪ ሉፖሊያንስኪ በኤሁድ ኦልመርት የከንቲባነት ዘመን የፕላን ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ፤ ኋላ በ2003 ራሳቸው ከንቲባ ሆኑ። ዑሪ ሺትሪት የከተማው መሐንዲስ ነበሩ።

በመጋቢት 2014 የቴል አቪቭ አውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ዴቪድ ሮዘን ኦልመርትን ጨምሮ ጥፋተኛ አሏቸው። መሐንዲሱ 7 ዓመት፣ ሁለቱ የቀድሞ ከንቲቦች ስድስት ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። በታኅሣሥ 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦልመርት ላይ የነበረውን ዋናውን የጉቦ ክስ ሠርዞ ቅጣታቸውን ወደ 18 ወር አወረደው፤ የታመሙት ሉፖሊያንስኪም እስር ቀርቶላቸው በማኅበራዊ አገልግሎት እንዲቀጡ ወሰነ።

እኔን የሚገርመኝ የገንዘቡ መንገድ ነው። ለሉፖሊያንስኪ ተሰጠ የተባለው በፖስታ ታሽጎ ከጠረጴዛ ሥር የተላለፈ አልነበረም፤ እርሳቸው ለመሠረቱት፣ ለሕሙማን መሣሪያ ለሚያውሰው ያድ ሳራ የበጎ አድራጎት ድርጅት በልገሳ መልክ የገባ ነበር። የአገራችን ሰው ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ሲል የሚያስበው በጓዳ የሚበላ ሹም ነው። ለድርጅቱ ምጽዋት የሚቀበል ሹም በምሳሌው ውስጥ የለም፤ ለመያዝም የሚያስቸግረው እርሱ ነው። ምክር ቤቱ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ነበረ፤ እጁንም ያወጣ ነበር። ነገሩን ያወጣው ግን ምክር ቤት ሳይሆን መንግሥት ምስክር ያደረገው አንድ ደላላ ነው፤ እርሱም የፍርድ ሂደቱ ሳያልቅ ሞተ።

ከሆሊላንድ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ እንመለስ። ለጥንታዊ ሠፈር የሚፈራው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ከድንጋይ አጥሩ በላይ የሚወጣ ፎቅ። የፕላንና ግንባታ ሕጉ በ1991 ተሻሽሎ በየአካባቢው የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ እንዲቋቋምና የሚጠበቁ ሕንፃዎች ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዟል። ዝርዝር ውስጥ መግባት ግን ለባለቤቱ ሁልጊዜ ምርቃት አይደለም። ኪራይ ሰብስቦ ገዳም የሚቀልብ አስተዳዳሪ ቤቱ ‹ቅርስ› ተብሎ ሲጻፍበት፣ ጣሪያው በፊት ከነበረው ድንጋይና በፊት ከነበረው ቅርጽ ሌላ አይነካም ማለት ነው፤ ወጪው ደግሞ የእርሱ ነው። የሚያስከብረው ኮሚቴ የሚያስከፍለውም እርሱ ነው።

ግብሩ ሌላ በር ነው። አርኖና የሚባለው የማዘጋጃ ቤት ግብር የሚጠየቀው ከባለቤቱ ሳይሆን ቤቱን ከያዘው ሰው ስለሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን ቤት የሚኖር ተከራይ ግብሩን ራሱ ይከፍላል። የጸሎት ቤት ከ1938 ጀምሮ በሕግ ነጻ ነው። በየካቲት 2018 ግን በከንቲባ ኒር ባርካት ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ ነጻነቱ የሚመለከተው የሚጸለይበትን ቦታ ብቻ ነው፣ ሆቴልና ቢሮና ሱቅ አይጨምርም አለ፤ አብያተ ክርስቲያናትም 650 ሚሊዮን ሰቀል ያህል ዕዳ አለባቸው ሲል አሳወቀ። የግሪክ ኦርቶዶክስ፣ የአርመንና የካቶሊክ መሪዎች በ25ኛው ቀን የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያን ዘጉ። ሦስት ቀን ተዘግታ ቆየች። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ጉዳዩን አስቁመው በሚኒስትር ጻሒ ሃኔግቢ የሚመራ፣ እንደ ልማድ፣ ኮሚቴ አቋቋሙ።

የጎልጎታን በር መዝጋት የማይችል ተራ ተከራይ ግን ያለው መንገድ ይህ ነው፤ የግብር ማስታወቂያው በደረሰው በ90 ቀን ውስጥ ለአርኖና ኃላፊው ይቃወማል፤ መልሱ ካልጣመው ምክር ቤቱ የሾመው የይግባኝ ኮሚቴ ዘንድ ይሄዳል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ድሃ ከሆነ ደግሞ የቅናሽ ኮሚቴ አለለት። ሥልጣኑ ትልቅ፣ ስሙ የማይታወቅ ኮሚቴ ቢኖር ይህ የቅናሽ ኮሚቴ ነው። በከንቲባው ላይ የሚጮኽ ሰው የቅናሽ ኮሚቴ አባል ማን እንደሆነ ጠይቁት፤ አያውቅም።

የኢትዮጵያና የግብጽ መነኮሳት የሚከራከሩበት የዴር ሱልጣን ገዳም ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ አይደርስበትም። በ1970 የፋሲካ ሌሊት ቁልፉ ሲለወጥ፣ በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለግብጾች ፈርዶ አፈጻጸሙን ለመንግሥት ሲተው፣ መንግሥት የሚኒስትሮች ኮሚቴ አቋቋመ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። በ2018 ፖሊስ እዚያ የአንድ የተጎዳ ጸሎት ቤት እድሳት የተቃወሙ የግብጽ መነኮሳትን እስከ ማስወጣት ደርሷል። ኮሚቴ አንዳንዴ ለመወሰን ሳይሆን ላለመወሰን ይቋቋማል።

የፈተናው ክፍል

አሁን ደግሞ በሌላው በር የሚገባውን እንይ። በእስራኤል የሚኖረው የኢትዮጵያ ትውልድ ያለው ሕዝብ ከ160,000 በላይ ነው፤ በኢየሩሳሌም ኪርያት መናኼምን የመሰሉ ሠፈሮች ብዙ ቤተ እስራኤል የሚኖሩባቸው ናቸው። አንዲት ልጅ እናስብ፤ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ እርሷ ኪርያት መናኼም የተወለደች፣ የማኅበራዊ ሥራ ዲግሪ ያላት። ማዘጋጃ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ቡድን መሪ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ አየች። እናቷ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ‹ልጄ፣ የምታውቂው ሰው አለ?› ነው።

በሕጉ መሠረት መኖር የለበትም። በ1979 የወጣው ደንብ የማዘጋጃ ቤት ሥራ በማስታወቂያና በውድድር እንዲሞላ ያዛል፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሚክራዝ የሚሉት ይህንኑ ነው። የፈተና ኮሚቴ ይቀመጣል፤ የሥራ መደቡ ከፍ ሲል በጠረጴዛው ዙሪያ የተመረጡ ሰዎችም ይገባሉ። የምክር ቤት አባል ዘመድን መቅጠርም በሕግ ተገድቧል። ከንቲባው ያለ ውድድር ሊያስገባቸው የሚችላቸው የእምነት መደብ የሚባሉ ረዳቶችና አማካሪዎች ናቸው፤ እነርሱም ከከንቲባው ጋር ገብተው ከከንቲባው ጋር ይወጣሉ።

ደንቡ ጥሩ ነው። ቀዳዳው ያለው ከደንቡ ጎን ነው። ክፍት መደብ በተጠባባቂ ይያዛል፤ ተጠባባቂው ዓመት ከቆየ በኋላ ውድድሩ ሲወጣ ‹በቦታው የሠራ ይመረጣል› የሚል መስፈርት ይገባበታል። ሌላው ቀዳዳ የማዘጋጃ ቤት ኩባንያዎች ናቸው። በኢየሩሳሌም ኤደን የከተማዋን መሀል ያለማል፣ ሞሪያ መንገድና መሠረተ ልማት ይሠራል፣ አሪኤል የባህል ዝግጅቶችን ይይዛል። እነዚህ ቦርድ አላቸው፤ ቦርዱ ላይ የምክር ቤት አባላት፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችና የሕዝብ ተወካዮች ይቀመጣሉ። ቦርድ በዚህች ከተማ መሰላልም ነው፤ ሞሼ ሊዮን ራሳቸው ከንቲባ ሳይሆኑ በፊት የኢየሩሳሌም ልማት ባለሥልጣን ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ።

በ2011 የእስራኤል ፓርላማ፣ ክነሰት፣ የኢትዮጵያ ትውልድ ላላቸው ዜጎች በመንግሥት ሥራ ተገቢ ውክልና እንዲሰጥ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ማዘጋጃ ቤቶችንም ይጨምራል። የሚመለከተው ራሱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያ የተወለደን ሰው ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2015፣ ዩኒፎርም የለበሰ የኢትዮጵያ ትውልድ ያለው ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል ወጣና ወጣቶቹ በዚሁ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው የፓልሞር ኮሚሽን በ2016 ባወጣው ሪፖርት ዘረኝነቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እንዳለ በግልጽ ጻፈ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ዘረኝነትን የሚከላከል ክፍልም ተቋቋመ።

ያቺ ልጅ ወደ ፈተናው ክፍል ስትገባ ግን ይህ ሁሉ ከእርሷ ጋር አይገባም። የሚጠይቋት ሰዎች ሕጉን ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሟሉትም ከታች ነው። ፅዳት፣ ጥበቃ፣ የቤተሰብ አስታራቂ፣ ‹ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያገናኝ› ሠራተኛ። ቁጥሩ ይሞላል። የቡድን መሪነቱ ሌላ ነው።

ይህን ማን ይመረምራል? ኦዲተሩ። የእስራኤል የከተማ ኦዲተር ጠንካራ ነው፤ የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፣ ለማባረር ግን ተራ ድምፅ አይበቃም። የኦዲት ኮሚቴውን የሚመራው ከተቃዋሚው ወገን መሆን አለበት፤ ከንቲባውና ምክትሎቹ አባል መሆን አይችሉም። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አጥር አላውቅም።

ቀኑን ስንቆጥረው ግን እንዲህ ነው። ኦዲተሩ ዓመታዊ ሪፖርቱን እስከ ሚያዝያ 1 ለከንቲባውና ለኦዲት ኮሚቴው ያቀርባል። ከንቲባው አስተያየት ለመስጠት ሦስት ወር አለው። ኮሚቴው ተወያይቶ ለምክር ቤቱ ለማቅረብ ሁለት ወር። ምክር ቤቱ ልዩ ስብሰባ ጠርቶ ለመወያየት ሌላ ሁለት ወር። በድምሩ ሰባት ወር፤ ኅዳር መግቢያ ላይ ያደርሰናል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሪፖርቱን ቀድሞ ያወጣ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ሪፖርቱ የሚናገረው ደግሞ ስላለፈው ዓመት ነው። በውድድሩ የተበደለችው ልጅ ስሟ ሳይጠራ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ብትጠቀስ እንኳ፣ ያ ወንበር በሌላ ሰው ከተያዘ ሁለት ክረምት አልፎታል።

ተቃዋሚው ራሱ ወደ ጥምረት ሲገባ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢነት እየሳሳ በመጣ ወገን እጅ ይቀራል። ጥቂት ሰዎች፣ ብዙ ገጽ። እኔ የኢየሩሳሌምን ኦዲተሮች አልከስም፤ ሪፖርቶቹ ደፋር ናቸው። የሚጎድለው አንባቢ ነው፣ በተለይም ዕብራይስጥን እንደ ውኃ የሚጠጡት የሁለተኛው ትውልድ የእኛ ልጆች። በሥራ ቅጥር ላይ ያለውን ምዕራፍ አውጥተው ማየት ያለባቸው እነርሱ ናቸው።

ለዚህ መሣሪያ አለ። በ1998 የወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ ማዘጋጃ ቤቶችን ይጨምራል፤ ማንም ዜጋ ወይም ነዋሪ በጽሑፍ ጠይቆ፣ ጊዜው ሊራዘም ቢችልም፣ በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የማግኘት መብት አለው። ለምን እንደፈለገው መናገር አይጠበቅበትም። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ‹ስንት የኢትዮጵያ ትውልድ ያለው ሠራተኛ አላችሁ› ነው፤ መልሱም አንድ ደህና ቁጥር ሆኖ ይመጣል። ሁለተኛውን ጥያቄ በዚያው ደብዳቤ ላይ መጨመር ነው፤ በየትኛው ደረጃ፣ ስንቱ በውድድር፣ ስንቱ በተጠባባቂነት፣ ስንቱስ በኩባንያዎቹ ቦርድ ላይ።